ከጠርሙስ የሚቀዳ ጠይምነት

ዛሬ የማጫውታችሁ ስለ ቀለም ነው። የግድግዳ ቀለም እንዳይመስላችሁ… የቆዳ ቀለም! መቼም በእኛ ከተማ የቆዳ ነገር ከተነሳ ወሬው ሁሉ "እንዴት ልቅላ?" ነው። እኔ ግን ዛሬ ስለ መጠየም ልጽፍ ነው። "ይቺ ልጅ ጤናም የላት እንዴ? ፈጣሪ በነጻ የሰጠንን ጠይምነት ከጠርሙስ ቀድታ ልታመጣልን ነው?" እንዳትሉኝ አደራ። እስከ መጨረሻው ካነበባችሁ ምክንያቱ ይገባችኋል።

ነገሩ የጀመረው ባለፈው መስከረም መጨረሻ ነው። አንድ የልብ ጓደኛዬ አመሻሽ ላይ ሳትደውል ቤቴ ከች አለች። (ስሟን አልነግራችሁም። ይህን እንድጽፍ የፈቀደችልኝ በዚሁ ስምምነት ነው።) ሻይ አፈላሁላት፤ አልነካችውም። "ሽማግሌ ሊልክ ነው" አለችኝ። እልልታዬን ላቀልጠው አፌን ስከፍት የእሷ እንባ ቀደመኝ። ከዚያ የሹራቧን እጅጌ ወደ ላይ ሰበሰበችና ክንዷን መብራቱ ስር ዘረጋችልኝ።

ክርኗ ላይ ወተት የፈሰሰበት የሚመስል ነጭ ምልክት አለ። የእጅ አንጓዋ ላይ ደግሞ የሳንቲም ያህል ሌላ አለ። የአንጓዋን አውቀዋለሁ፤ "ዘይት ፈንጥቆብኝ ነው" ብላ ለሁላችንም ነግራናለች። የክርኗን፣ የጉልበቷንና የእግር ጣቶቿን ግን ያየሁት ያን ዕለት ነው። አራት ዓመት ሙሉ ጓደኛሞች ሆነን! ላንጋኖ ስንሄድ "ብርድ አልችልም" እያለች ውሃ ውስጥ የማትገባው፣ በዚያ ሁሉ ሙቀት ሱሪ የማታወልቀው ለካ ለዚህ ኖሯል።

"ለምጽ ነው" አለችኝ ቃሉን ዋጥ አድርጋ። "እሱም የዘይት ጠባሳ ነው የሚመስለው። አንቺ ቤሩት እያለሽ ሴትዮዋን የምትቀቢያት ነገር ነበር አላልሽኝም? ያ የሚያጠይመው? በናትሽ እኔንም ቀቢኝ። ሽማግሌው እስኪያልፍ፣ ሰርጉ እስኪያልፍ…"

የማዳም ጀርባ

እዚህ ላይ ትንሽ ወደ ኋላ ልመለስ። አስራ ሁለተኛ ክፍልን ጨርሼ ሥራ ብፈልግ ብፈልግ ሲጠፋ በ2009 ዓ.ም. በደላላ ቤሩት ገባሁ። ሶስት ዓመት ያህል ሰው ቤት ሠርቻለሁ። አሠሪዬን "ማዳም" ነበር የምላት። በሙቀቱ ጊዜ ባህሩ ዳርቻ ተኝታ ፀሐይ ስትሞቅ ትውላለች። ብርዱ ሲመጣና ቆዳዋ እንደ ሊጥ ሲነጣ ደግሞ ጠርሙስ ታወጣለች። ሰልፍ ታነር ይሉታል፤ ፀሐይ ሳይነካ ቆዳን የሚያጠይም ክሬም ማለት ነው። ፊቷን፣ ክንዷንና እግሯን ራሷ ትቀባለች። ጀርባዋ ግን አይደርስላትም። የጀርባ ተጠሪ እኔ ሆንኩ።

የመጀመሪያ ቀን እንዴት እንደሚቀባ ያሳየኝ የለም። እንደ ማንኛውም ቅባት መስሎኝ በባዶ እጄ ለቀለቅኳት። ቀለሙ ወዲያው አይታይም፤ ብቅ የሚለው ከሰዓታት በኋላ ነው። በማግስቱ ማዳም ጀርባው ክፍት የሆነ ቀሚስ ለብሳ ሰርግ ልትሄድ መስታወት ፊት ዞር ስትል… አምስት ጣቴ ጀርባዋ ላይ ታትሟል! የእኔም መዳፍ ካሮት ሲልጥ የዋለ ሰው እጅ መስሏል። የወረደብኝን የስድብ ናዳ ተዉት። ከዚያ በኋላ ግን የእሷ ጀርባ ትምህርት ቤቴ ሆነ። የት ላይ እንደሚጠቁር፣ የት ላይ እንደሚዥጎረጎር፣ መቼ እንደሚለቅ አንድ በአንድ ተማርኩ።

አንድ ቀን ክንዷን ከክንዴ ጎን አስጠግታ እያየች "ያንቺን ካመጣሁ ይበቃኛል" አለችኝ። ስሜን አስተካክላ ጠርታው አታውቅም፤ ቀለሜን ግን ትመኘው ነበር። እኔስ ብትሉ? እዚያው ቤት፣ ማታ ማታ፣ የሚያቀላ ክሬም ፊቴን እቀባ ነበር። እሷ ወደ እኔ፣ እኔ ወደ እሷ… መንገድ ላይ ተላለፍን ማለት ነው። ይህን እስከ ዛሬ ለማንም አልነገርኩም ነበር። ሳቁብኝ፣ ይገባኛል!

መጀመሪያ ሐኪም

ወደ ጓደኛዬ ልመለስ። "እቀባሻለሁ፣ ግን መጀመሪያ ሐኪም ዘንድ እንሂድ" አልኳት። ሐኪም አይታው አታውቅም። ዘነበወርቅ አካባቢ ያለው አለርት ሆስፒታል የቆዳ ሕክምና አለው ስላት ይባስ ደነገጠች። "ጭራሽ የሥጋ ደዌ በሽተኛ አደረግሽኝ?" አለችኝ። ይህ የእሷ ብቻ ስህተት አይደለም። አለርት የተነሳው በሥጋ ደዌ ሕክምና ቢሆንም ዛሬ ማንኛውም የቆዳ ችግር ያለበት ሰው ይታከምበታል። በዚያ ላይ "ለምጽ" የሚለውን ቃል የምናውቀው ከመጽሐፍ ቅዱስ ስለሆነ፣ ከሰፈር ውጭ የሚያስቀምጥ በሽታ ሆኖ ይሰማናል።

እናላችሁ፣ ዶክተሯ እንደሚከተለው አስረዳችን። የጓደኛዬ ዓይነቱ ለምጽ በሕክምና ስሙ ቪቲሊጎ ይባላል። የሰውነት መከላከያ በስህተት የራሱን ቀለም ሠሪ ሴሎች ሲያጠቃ የሚመጣ ነው። ተዋሲያን የለበትም፤ በመነካካት፣ በልብስ፣ አብሮ በመብላት ወይም አብሮ በመተኛት አይጋባም። ሥጋ ደዌ ግን በባክቴሪያ የሚመጣ ሌላ በሽታ ነው፤ እሱም ቢሆን ዛሬ በመድኃኒት ይድናል። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ። ቆዳችሁ ላይ የፈዘዘ ምልክት ካለና ስትነኩት ከደነዘዛችሁ ክሬም ፍለጋ ሳይሆን ቶሎ ሐኪም ፍለጋ ሂዱ።

ቪቲሊጎ ያለበት ሰው ጥቂት አይደለም። ከመቶ ሰው አንዱን ያህል ይይዛል ይባላል። ማይክል ጃክሰን እ.ኤ.አ. በ1993 ለኦፕራ ዊንፍሬይ በሰጠው ቃለ ምልልስ የቆዳ ቀለም የሚያጠፋ በሽታ እንዳለበት ሲናገር ብዙ ሰው አላመነውም ነበር። በ2009 ከሞተ በኋላ የአስከሬን ምርመራው ቪቲሊጎ እንደነበረበት አረጋገጠ። ካናዳዊቷ ሞዴል ዊኒ ሃርሎው ደግሞ ያንኑ ምልክቷን ሳትሸፍን የዓለም መድረክ ላይ ትራመዳለች።

ሕክምናውስ? የሚቀቡ መድኃኒቶችና የብርሃን ሕክምና አሉ። አንዳንድ ሰው ላይ ቀለሙ ይመለሳል፣ አንዳንዱ ላይ በከፊል፣ አንዳንዱ ላይ እምቢ ይላል። ወራት ይፈጃል፤ ሽማግሌ ግን ወራት አይጠብቅም! ጓደኛዬ ሕክምናዋን ጀመረች። ስለ ሰልፍ ታነሩ ስንጠይቃት ዶክተሯ አልሳቀችብንም። "ለመሸፈን ይጠቀሙበታል፤ አያድንም፣ በአግባቡ ከተቀባ ግን አይጎዳም" አለችን።

ነገሩ ምንድን ነው?

ሰልፍ ታነር ውስጥ ያለው ዋናው ነገር ዳይሃይድሮክሲአሴቶን ይባላል፤ ባጭሩ ዲኤችኤ። የስኳር ዘመድ ነው። የላይኛው የሞተ ቆዳ ላይ ካሉት የፕሮቲን ቅንጣቶች ጋር ሲገናኝ ቡናማ ይሆናል። ዳቦ ሲጋገር ቅርፊቱ የሚጠይመው፣ ቡና ሲቆላ መልኩ የሚለወጠው በዚሁ ዓይነት ነገር ነው። ልዩነቱ ይሄኛው ያለ እሳት መሆኑ ነው። የቀለም ሴል ስለማያስፈልገው ነጭ ምልክት ላይም ይሠራል። ትልቁ ቁም ነገር ይህ ነው!

የተገኘውም በአጋጣሚ ነው ማለት ይቻላል። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ አሜሪካ፣ ሲንሲናቲ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ኢቫ ዊትገንስታይን የተባለች ተመራማሪ ይህን ነገር ለታመሙ ሕጻናት በአፍ ትሰጥ ነበር። ልጆቹ ሲተፉት ወይም ሲፈስባቸው ቆዳቸው ላይ ቡናማ ነጠብጣብ አየች። የራሷ ቆዳ ላይ ሞከረችው፤ ያው ሆነ። በ1960 ኮፐርቶን የተባለው ኩባንያ ለገበያ አወጣው። የፈረንጅ መዋቢያ ሆኖ የቀረው ከዚያ ወዲህ ነው።

የጓደኛዬ አክስት ሲልቨር ስፕሪንግ ነው የምትኖረው። "ሰልፍ ታነር ላኪልኝ" ስትላት "ምን ነካሽ? ይሄ እኮ የፈረንጅ ነው፤ አንቺ ምን ጎደለሽ?" አለቻት አሉ። ጎድሏታላ! የሳንቲም ያህል፣ የመዳፍ ያህል ጎድሏታል። ጠርሙሱ ከሰው ጋር ተልኮ መጣ።

አቀባቡ

እንግዲህ እስክሪብቶ ያዙ። ከማዳም ጀርባ የተማርኩትንና ዶክተሯ የጨመረችልኝን አንድ ላይ ነው የምሰጣችሁ።

አንደኛ፣ ጠርሙሱን አንብቡ። ዲኤችኤ መኖሩን፣ ጊዜው ያላለፈበት መሆኑን እዩ። ለእኛ ቆዳ "ላይት" የሚለው አይበቃም፤ "ዳርክ" የሚለውን ያዙ። የሚረጨውን ዓይነት ተዉት፣ ወደ ሳንባ ይገባል። ክሬሙ ወይም ሎሽኑ ይሻላል። ሙቀት ስለሚያበላሸው መስኮት ላይ አታስቀምጡት።

ሁለተኛ፣ ሞክሩት። ክንዳችሁ የውስጥ በኩል ላይ ጠብታ ቀብታችሁ አንድ ቀን ጠብቁ። ካሳከከ ወይም ከቀላ በቃ፣ ለእናንተ አልሆነም። የቆሰለና የተሰነጠቀ ቆዳ፣ ከንፈርና የዓይን ዙሪያ ላይ አይቀባም።

ሶስተኛ፣ ቆዳውን አዘጋጁ። ሞቶ የተሰበሰበ ቆዳ ካለ ቀለሙ እዚያ ላይ ይጠቁርና ይዥጎረጎራል። ለስላሳ እርጥብ ጨርቅ ይዛችሁ ቀስ ብላችሁ እሹት። ቀስ ብላችሁ ነው ያልኩት! ቪቲሊጎ ያለበት ቆዳ ሲፋቅና ሲቆስል አዲስ ምልክት ሊያወጣ ይችላል። በድንጋይ መፈግፈግ፣ ነጭ ሽንኩርት ማሸት፣ ቅጠል ወቅጦ ማሰር… እነዚህን ሁሉ እርሱ። ፀጉር የምትላጩ ከሆነ ከአንድ ቀን በፊት ይሁን። ስትቀቡ ቆዳው የደረቀና የቀዘቀዘ ይሁን፤ ከሻወር እንደወጣችሁ አይደለም።

አራተኛ፣ ቅባት በቦታው። ሥራው የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው። ክርን፣ ጉልበት፣ ቁርጭምጭሚትና የጣት አንጓ ቆዳቸው ወፍራምና ደረቅ ስለሆነ ቀለም ይጠጣሉ። ሙሉ ሰውነት የሚቀባ ሰው እነዚህ ላይ ቀድሞ ስስ ሎሽን ይቀባል። ሌላው ቆዳ ላይ ግን ቅባት ካለ ቀለሙ አይይዝም። ለምጽ ለሚሸፍን ሰው ደግሞ ዘዴው ይለያል። በምልክቱ ዙሪያ ያለውን ጤነኛ ቆዳ በጣም በስሱ ቫዝሊን ቅቡት፤ ምልክቱን ግን አታስነኩት። ክሬሙ ወደ ውጭ ቢፈስ እንኳ ቫዝሊኑ ያግደዋል።

አምስተኛ፣ ጓንት አድርጉ። መዳፌ ምስክሬ ነው! ለትልልቅ ምልክት በጓንት፣ ለትንንሹ በጆሮ ማጽጃ ጥጥ። ከመሃል ጀምራችሁ ወደ ዳር ሂዱ፣ ጠርዙ ላይ ሳትደርሱ ለጥቂት ቁሙ። ክሬሙ ራሱ ትንሽ ይሰፋል። ጠርዙን አልፋችሁ ከቀባችሁ ዙሪያው ጥቁር ቀለበት ይሠራና "እዩኝ እዩኝ" የሚል ምልክት ይሆናል። ሙሉ ክንድ ወይም እግር የሚቀባ በክብ በክብ እያሸ፣ ሳያቋርጥ፣ ቁራሽ ቁራሹን ይጨርስ።

ስድስተኛ፣ ስስ አድርጉት። አንዴ አወፍራችሁ አትለቅልቁ። ዛሬ ስስ፣ ነገ ስስ፣ ከነገ ወዲያ ስስ። ቀለሙ ከሁለት እስከ አራት ሰዓት ውስጥ ብቅ ማለት ይጀምራል፣ እስከ ማግስቱ ይጨምራል። "አልያዘም" ብላችሁ ሰዓት ሳይሞላ አትደርቡ። የጓደኛዬን ቆዳ እስኪመስል ሶስት ምሽት ፈጅቶብናል። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ጠይም ቆዳ ላይ በደንብ ይቀርባል፤ በጣም ጥቁር ቆዳ ላይ ግን ወደ ብርቱካናማ ሊያደላና ሙሉ በሙሉ ላይገጥም ይችላል።

ሰባተኛ፣ ታገሱ። ከተቀባችሁ በኋላ ስድስትና ሰባት ሰዓት ውሃ አይንካው፣ አያልባችሁ፣ ዕቃ አትጠቡ። ማታ መቀባት የሚሻለው ለዚህ ነው። አሮጌና ሰፊ ልብስ ልበሱ፤ ነጭ ነጠላና ነጭ አንሶላ አርቁ። ትንሽ የብስኩት የመሰለ ሽታ አለው፣ ሲታጠብ ይሄዳል።

ስምንተኛ፣ ፀሐይን አትመኑ። የተቀባው ቀለም ከፀሐይ አይከላከልም! ነጩ ቆዳ መከላከያ ቀለሙን ስላጣ የአዲስ አበባ የከፍታ ፀሐይ ቶሎ ያቃጥለዋል። በተለይ በተቀባችሁበት የመጀመሪያ ቀን ከፀሐይ ራቁ። ከዚያም በኋላ ቢያንስ ኤስፒኤፍ 30 የሆነ የፀሐይ መከላከያ፣ ወይም እጅጌና ጃንጥላ። የብርሃን ሕክምና የምትከታተሉ ደግሞ ስለምትቀቡት ነገር ለሐኪማችሁ ንገሩ።

ከተበላሸስ? አትደንግጡ፤ ለብ ባለ ውሃ ዘፍዝፋችሁ፣ ቅባት ቀብታችሁ፣ በለስላሳ ጨርቅ እሹት። ይፈዝዛል። ሎሚ የሚሉ አሉ፤ እኔ አልመክርም፣ ሎሚ የነካው ቆዳ ፀሐይ ሲያገኘው ይቃጠላል። ባትነኩትም በአምስት፣ በሰባት ቀን ቆዳው ሲላጥ አብሮ ይሄዳል።

"ሂናስ?" የምትሉ አትጠፉም። እውነተኛው ሂና ነጭ ምልክት ላይ ብርቱካን ይሆናል። "ጥቁር ሂና" የሚባለው ደግሞ ብዙ ጊዜ የፀጉር ማጥቆሪያ ኬሚካል የተቀላቀለበት ነው፤ ቆዳ ያቃጥላል፣ ያቆስላል። ለምጽ ያለበት ሰው ባይነካው ይሻለዋል።

አንዳንዶች ደግሞ በተቃራኒው ያስባሉ። "ነጩን ከማጠይም ዙሪያውን ላቅላውና ይመሳሰል" ይላሉ። ይህን የምትሉ እኔን እዩኝ። ቤሩት እቀባው የነበረው ክሬም ውስጥ ምን እንደነበር ያወቅኩት ፊቴ ከሳሳ፣ ደም ሥሩ ከታየና ብጉር ከወረሰኝ በኋላ ነው። ክሎቤታሶል! በሐኪም ትዕዛዝ ብቻ የሚሰጥ ጠንካራ መድኃኒት ነው። ሃይድሮኪኖን የሚባለው ደግሞ ለረዥም ጊዜ ከተቀባ መልሶ ያጠቁራል። ሜርኩሪ ያለበት ከሆነ ኩላሊትን ይጎዳል። ምን እንዳለበት ያልተጻፈበትን ክሬም ሻጩ ቢምልላችሁም አትግዙ።

ቀለሙ ሲለቅ

ጥቅምት ላይ ሽማግሌው መጣ። ሶስተኛውን ምሽት ቀብተን ጨርሰን በጠዋቱ እጇን መስኮት ጋ ስታየው ብታዩልኝ! ከዘጠኝ ዓመት በፊት የነበረ እጇ ነው። እያገላበጠች ስታየው ቆየች። አጭር እጅጌ ለብሳ ሽማግሌዎቹ ፊት ቡና ቀዳች። "ልጅቱ ጨዋ ናት" ተባለ፣ ሰርጉ ለጥር ተቆረጠ፣ እልልታው ቀለጠ። እኔም በሙያዬ ኮራሁ።

እጮኛዋ እጇን ያዝ አድርጎ "እንዴ! የዘይቱ ጠባሳ ጠፋ! ምን ቀባሽው?" አላት። "ቅባት" አለች። እውነት ነው፣ ቅባት ነው! ግን አያችሁ፣ በአንዱ ውሸት ላይ ሌላ ተደረበ። እንደ ሰልፍ ታነሩ፣ ስስ ስስ እየተደረበ ይጠቁራል።

በሳምንቱ ልብስ ማጠብም ሥራም በዛባትና ቀለሙ ለቀቀ። ያውም በአንዴ አይደለም፤ በቁርጥራጭ። ምሳ ሊጋብዛት ተገናኙ። እጇን አየ። "ተመለሰ እንዴ? ጠባሳ ይሄዳል፣ ይመለሳል?" አላት። ያን ዕለት ማታ ደወለችልኝ። "አሁኑኑ ነይና ቀቢኝ" አለች። ጓንቱን ያዝኩና ሄድኩ። መንገድ ላይ ግን ማሰብ ጀመርኩ። ጥር ይደርሳል፣ ይጋባሉ። ከዚያስ? በየሳምንቱ ባሏ ሲተኛ ሽንት ቤት ቆልፌባት ልቀባት ነው? የጉልበቷንስ ከማን ትደብቀዋለች?

ቤቷ ደርሼ ይህንኑ ነገርኳት። ተቆጣችኝ። "ላንቺ ቀላል ነው፣ ቆዳሽ ሙሉ ነው!" አለችኝ። መልስ አልነበረኝም። እውነቷን ነው። ዝም ብዬ ቀባኋት። ስጨርስ ጓንቴን ሳወልቅ "ነገ እነግረዋለሁ" አለች፤ ለእኔ ይሁን ለራሷ እንጃ።

ነገረችው። ሊያቅፋት ነው ብላችሁ ከጠበቃችሁ ተሳስታችኋል። መጀመሪያ የጠየቃት "ይጋባል?" ብሎ ነው። ቀጥሎ "ለልጅስ?" አለ። ከዚያ ሁለት ቀን ስልኩ ዝም። እነዚያን ሁለት ቀናት አልጋዋ ላይ አሳለፈቻቸው፤ እኔም አጠገቧ። በልቤም "ምነው አፌን በዘጋሁት ኖሮ" እያልኩ። በሶስተኛው ቀን በሩን አንኳኳ። "ዶክተርሽ ዘንድ ውሰጂኝ" አላት።

ዶክተሯ ለእሱም እንደ እኛው አስረዳችው። አይጋባም። ለልጅ ዝንባሌው ሊተላለፍ ይችላል፣ ግን ቪቲሊጎ ካለባቸው ሰዎች የሚወለዱ አብዛኞቹ ልጆች አይወጣባቸውም። ሲወጡ ምን አላት መሰላችሁ? "ያናደደኝ ነጩ አይደለም፣ ዘይቱ ነው።" ለእናቱ የነገረው ራሱ ነው። እናቱ ለጊዜው አኩርፈው ነበር፤ አሁንም ቢሆን አንዳንዴ እጇ ላይ ዓይናቸውን ተክለው ይቀራሉ። ሁሉም ነገር በአንድ ቀን አይጠይምም።

ጥር ላይ ተጋቡ። ሚዜዋ እኔ ነበርኩ። ከሰርጉ በፊት ሶስት ምሽት ቀባኋት፤ ለራሷ ደስ እንዲላት እንጂ ለመደበቅ አልነበረም። ባሏ አጠገባችን ተቀምጦ "እዚህ ጋ አልገጠመም፣ ጠርዙን ጨምሪበት" እያለ ሲያዝዘኝ ነበር። የሰው እጅ ሥራ የሚያቃልል ሰው አይጠፋም መቼም!

አሁን ብዙ ጊዜ ሳትቀባ ነው የምትወጣው። ባለፈው እሁድ ቡና ልትጠጣ መጣች፤ እጅጌዋ እስከ ክርኗ ተሰብስቧል። ሕክምናው ክርኗ ላይ ትንንሽ ጠይም ነጥቦች ማብቀል ጀምሯል፤ እንደ ጤፍ ፍሬ ተበትነዋል። የአንጓዋ ግን እምቢ ብሏል። "ልቀባልሽ እንዴ?" አልኳት ጠርሙሱን እያሳየኋት።

"ተይው፣ ዛሬ ልብስ አጥባለሁ፣ ይለቃል" አለችኝ። ሲኒዋን አስቀመጠችና ደግሞ ቀና አለች። "ለፋሲካ ግን አትርሺኝ እሺ? አጭር እጅጌ ቀሚስ ገዝቻለሁ።"